ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ የባንክ ሥራ መጀመር፦ ጨጓራው ከየት መጣ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኖብኛል። «ዶክተር፣ ባንክ ከገባሁ አምስት ወሬ ነው፤ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል።» «ከሰዓት በኋላ ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል።» «ልቤ ድው ድው ይላል፤ ኢሲጂ ተነስቼ ምንም የለብሽም አሉኝ።» «ደክሞኝ እገባለሁ፣ ስተኛ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።» እዚህ ነገሌ ቦረና በተመላላሽ ክፍል የማያቸው ወጣት የባንክ ሠራተኞችም የሚሉኝ ይኼንኑ ነው። ከያቤሎ፣ ከሞያሌ፣ ከሻኪሶ፣ ከዶሎ የምትጽፉልኝም እንደዚያው።

እኔ ታዲያ ከምርመራው በፊት አንድ ጥያቄ አለችኝ፦ «ከማን ጋር ነው የምትኖሩት?» ብዙ ጊዜ መልሱ «ከቤተሰብ ጋር» ነው። ባንኮች በየቆላው ከተማ ቅርንጫፍ ሲከፍቱ የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል ልጅ ይፈልጋሉ። ልጁም ተመርቆ ይመጣና ባደገበት ከተማ፣ ባደገበት ቤት ሆኖ ሥራ ይጀምራል። ኪራይ የለም፣ ምግብ አለ፣ እናት አለች። ከሩቅ ለሚያየው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

እውነትም ጥሩ ነው። ቤተሰብ ለጤና ከማውቃቸው መድኃኒቶች ሁሉ አንዱና ርካሹ ነው። ችግሩ ግን ያው ቤት ሳይታወቅ ሁለተኛ ፈረቃ መሆን ይችላል። ቀን መስኮት ላይ፣ ማታ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሥራ ይሆናል። ክኒን እየዋጡ የማይሻላቸው ብዙዎቹ ታካሚዎቼ የታመሙት በእነዚህ በሁለቱ መካከል እረፍት አጥተው ነው ባይ ነኝ። ዛሬ በሰፊው የምናወራው ስለዚህ ነው።

አንዲት የ24 ዓመት ልጅ እናስብ። አንድ ሰው አይደለችም፤ የብዙዎችን ታሪክ አንድ ላይ አድርጌ ነው የምነግራችሁ። አካውንቲንግ ተመርቃ ቴለር ሆና ተቀጥራለች። ጠዋት ከካዝና ብር ተረክባ መስኮት ላይ ትቀመጣለች። የከብት ገበያ ቀን ከሆነ በሬና ግመል የሸጠ ሁሉ ብሩን በፌስታልና በኩታ ጠቅልሎ ይመጣል። ኖቱ ያረጀ፣ የተጣጠፈ፣ አቧራ የጠጣ ነው። ማሽኑ እምቢ ሲል በእጅ ይቆጠራል። መሀል ላይ ሲስተም ይጠፋል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰው ይቆጣል። በዚያ ላይ «በዚህ ወር ይህን ያህል አዲስ ሂሳብ ክፈቺ፣ ይህን ያህል ሰው ሞባይል ባንኪንግ አስጀምሪ» የሚል ታርጌት አለ። ማታ በሩ ተዘግቶ ሂሳብ ሲታይ ሦስት ሺህ ብር ጎደለ እንበል። ጉድለቱ ካልተገኘ ከቴለሯ ኪስ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እንደገና ይቆጠራል፣ ወረቀት አንድ በአንድ ይገለበጣል። ቤት ስትደርስ ምሽት ሁለት ሰዓት አልፏል።

ቤት ደግሞ እንግዳ አለ። ከገጠር የመጣ ዘመድ «ልጃችን ባንክ ናት» ተብሎ ስለ ብድር ሊጠይቃት ሲጠብቃት አምሽቷል። ታናሽ ወንድሟ ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ለምን እንደማይሠራ ትንገረው። እናት እራቷን አስቀምጣላታለች፤ የልጇ ከንፈር ደርቆ ስታይ አንጀቷ አይችልም፣ «ብዪ እንጂ፣ ድገሚ እንጂ» ትላለች። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነው የዋለችው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀይ ወጥ በደንብ ትበላና አራት ሰዓት ላይ ትጋደማለች። ከዚያ ማቃጠሉ ይጀምራል።

እንግዲህ ይኼን ነው «ጨጓራ» ይዘን የምንመጣው።

ጨጓራውን ትንሽ በዝርዝር እንየው። ሲቃጠል የሚሰማችሁ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ጠግቦ ወዲያው በመተኛት የሚመጣው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚወጣው ማቃጠል አብዛኛውን ጊዜ የአሲድ ወደ ላይ መመለስ ነው። ለዚህ ትልቁ ሕክምና በእራትና በመኝታ መካከል ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሰዓት ማድረግ ነው። አምሽተው ለሚገቡ ይህ የሚቻል አይመስልም፤ ይቻላል ግን። ዋናውን ምግብ ወደ ምሳ ማዞር ነው። እማማን «እራቴን አታስቀምጪልኝ፣ ይልቅ ጠዋት በምሳ ዕቃ ቋጥሪልኝ» በሏት። ቀን ላይ በደንብ የበላ ሰው ማታ ቀለል ያለ ነገር ይበቃዋል። እናቶች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ ልጁ ሲሻለው ግን ምሳ ዕቃው ከምግቡ ክብደት የተነሳ አልዘጋ ይላል።

ሌላው ሄሊኮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በሀገራችን በተደረጉ ጥናቶች ከሰው ግማሽ የሚሆነው ይገኝበታል፣ ስለዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ካለበት ሌላውም ሊኖርበት ይችላል። ምርመራው ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። በደም የሚሠራው የአንቲቦዲ ምርመራ ከታከማችሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል፣ ደጋግማችሁ በእሱ እየተመረመራችሁ አንቲባዮቲክ አትውሰዱ። የሰገራው ምርመራ ይሻላል፤ እሱንም ለማድረግ ኦሜፕራዞል ካቆማችሁ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ካቆማችሁ ደግሞ አራት ሳምንት ቢሆን ውጤቱ ይታመናል። ሕክምናው ከታዘዘላችሁ በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡት። ኦሜፕራዞልም ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚወሰደው፤ ጠግቦ መዋጡ ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን ዳይክሎፌናክ ነው! ራስ ምታቱ ሲመጣ ከባንኩ አጠገብ ካለ ፋርማሲ በባዶ ሆድ አንድ ፍሬ፣ ማታ ለወገቡ አንድ ፍሬ። በሳምንት አሥር ፍሬ። ይኼ ጨጓራን የሚያቆስል መድኃኒት ነው፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ በተለይ ውሃ ለማይጠጣ ሰው።

ውሃ ካነሳን፦ ቴለሮች ውሃ አይጠጡም። ለምን ስላቸው መልሱ አንድ ነው፤ «ሽንት ቤት ለመሄድ ሳጥኑን ቆልፌ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ሰልፉን ትቼ መነሳት አለብኝ።» በዚህ ሙቀት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡና ሳይሸኑ መዋል ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በተለይም ለሴቶች፣ ለኩላሊት ጠጠር ደግሞ ለሁሉም መንገድ ይከፍታል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታትም ብዙ ጊዜ የውሃ ጥማት ነው። በነገራችን ላይ ነገሌ በኢትዮጵያ ታሪክ ስሟ ከሚነሳባቸው ነገሮች አንዱ ውሃ ነው፤ በጥር 1966 እዚህ የነበሩት የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች ያመጹት በመጥፎ ምግብና በመጠጥ ውሃ ምክንያት ነበር፣ ያ ዓመትም በአብዮት አለቀ። እናንተ አብዮት አታስነሱ፣ ግን አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ጠርሙስ ሞልታችሁ ግቡ፣ ከአጠገባችሁ ካለው ባልደረባ ጋር ተራ እየተቀባበላችሁ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ተነሱ። ስትነሱ ወገባችሁም ያርፋል። የሽንታችሁ ቀለም እንደ ሻይ ከጠቆረ አልጠጣችሁም ማለት ነው። ትኩሳትና የጎን ሕመም ከመጣ ግን በውሃ አይታለፍም፣ ሐኪም ቤት ኑ።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ብር ስትቆጥሩ አውራ ጣታችሁን በምላሳችሁ አታርጥቡ። በስንት እጅ ያለፈ ኖት ነው! ውሃ የነካ ስፖንጅ አስቀምጡ፣ ከምሳ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አለርጂና አስም ያለባችሁ ደግሞ አሮጌ ብር በምትቆጥሩበት ጊዜ ማስክ ብታደርጉ ማንም አይስቅባችሁም።

አሁን ወደ እንቅልፍ። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮ ንቃቱና ቅልጥፍናው መጠጥ ከጠጣ ሰው ጋር እንደሚመሳሰል በጥናት ታይቷል። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስታችሁ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስትቆጥሩ 17 ሰዓት ሞላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ጉድለቱ ሁልጊዜ ከግዴለሽነት አይመጣም። ያልተኛች ልጅ መቶ ብሩን ሁለት መቶ አድርጋ ትከፍላለች፣ ጉድለቱ ያስጨንቃታል፣ ጭንቀቱ እንቅልፍ ይነሳታል፣ ነገ ደግሞ ይባስ ትሳሳታለች።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ጎልድማን ሳክስ በሚባለው የአሜሪካ ባንክ 13 ጀማሪ ባለሙያዎች እርስ በርስ ባደረጉት መጠይቅ በሳምንት በአማካይ 95 ሰዓት እንደሚሠሩና በቀን አምስት ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሚተኙ ተናግረው ዓለም ተነጋግሮበታል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት ባወጡት ግምት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞትን ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል። የኒውዮርኩ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ወደ ባዶ አፓርታማ ነው፤ ከሳ ጠቆረ ብሎ የሚያየው የለም። የእኛዋን ልጅ እናቷ በበር ስትገባ አይታ ታውቅባታለች። ይህንን ዕድል ነው መጠቀም ያለብን።

ሕጉንም እወቁት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እሱን ከጨረሳችሁ በሐኪም የተረጋገጠ የሕመም ፈቃድ አላችሁ፣ የመጀመሪያው ወርም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ይህን የምነግራችሁ ከአለቃ ጋር እንድትጣሉ አይደለም። ግን ታካሚዬ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ «ፈቃድ ከጠየቅሁ ያባርሩኛል» ሲለኝ ያሳዝነኛል።

እዚህ ጋ ስለ ጫት ሳላወራ ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው። በእኛ ቆላ ከተሞች ቅዳሜ ከሰዓት ጫት መቃም የወጣቱ መዝናኛ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ለመንቃት ብሎ ነው የሚጀምረው። ጫት ያነቃል፣ አልዋሽም። ግን ንቃቱ ብድር ነው። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ልብን ያስመታል፣ እንቅልፉን ይወስዳል፤ በማግስቱ ደግሞ ድብርት ያመጣል። ያንን ድብርት ለማባረር ሌላ ጫት። «ልቤ ይመታል» ብለው ኢሲጂ ከሚነሱት ውስጥ ስንቱ ነው ስለ ጫቱ ያልነገረን! ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ለእናታችሁ አንነግርም። ቡናም ቢሆን ግማሹ ከጠጣችሁት ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ደማችሁ ውስጥ ነው ያለው፤ የማታውን ቡና ተቀምጣችሁ አጫውቱ እንጂ አትጠጡ። ቡና ቀላውም፣ በቅቤ ተጠብሶ ስለሚበላ ጣፋጭ ነው እንጂ ያው ቡና ነው።

ቤት ውስጥ ሰባት ሰዓት እንዴት ይተኛል? አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው፣ ሳሎን ቴሌቪዥን፣ ሌሊት የሚያለቅስ የእህት ልጅ። የተለየ ክፍል ላይገኝ ይችላል፤ የተለየ ሰዓት ግን በስምምነት ይገኛል። «ከአራት ሰዓት በኋላ እሷ ተኝታለች» የሚለውን ደንብ አባት ቢያውጀው ይከበራል፣ እሷ ብታውጀው ኩራት ይመስላል። ስለዚህ አባትን ወይም የሚሰሙትን አጎት መያዝ ነው። እኔ ራሴ ተረኛ አድሬ ጠዋት ስገባ ቤታችን ገበያ ነበር፤ አክስቴ ናት በሩ ላይ ቆማ «ዶክተሩ ተኝቷል፣ ማንም አይጮህ» ማለት የጀመረችው። ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ።

ስለ ሴቶቹ ለብቻ አንድ ነገር ልበል። ወንድ ልጅ ከባንክ ሲገባ «ደክሞታል፣ እግሩን አጥቡት» ይባላል። ሴቷ ከዚያው ባንክ፣ በዚያው ሰዓት ስትገባ ቡና ታፈላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ጠዋት ደግሞ እንጀራ ጋግራ ትወጣለች። ደመወዙ እኩል፣ ጉድለቱ እኩል፣ እረፍቱ ግን ግማሽ። ይህን በሕክምና ቋንቋ አሳምሬ ልናገረው አልችልም፤ ግፍ ነው። ሥራ ላለባት ልጅ በሳምንቱ ቀናት የቤት ሥራውን ወንድሞቿ ቢካፈሉት ማንም አይሞትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ወደ ብሩ ልምጣ። ከ2013 እስከ 2015 ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ጋናውም ሃገያውም። የስንቱ ቤት ከብት አለቀ። ትናንት ከብት የነበረው አባት ዛሬ ያለው አንድ ልጅና የልጁ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት ከስግብግብነት አይደለም፤ ያ ደመወዝ የሞተው መንጋ ምትክ ሆኖ ነው። በቦረናም በጉጂም ከብቱ ያለቀበትን ወገን ማቋቋም፣ ቡሳ ጎኖፋ የሚሉት፣ ትልቅ ሥርዓት ነው። ልጁም «እምቢ» ለማለት አፉን አያስችለውም። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? ደመወዙ በወሩ በአሥረኛው ቀን ያልቃል፣ ልጁ ይበደራል፣ ብር ቀኑን ሙሉ በሚነካበት ሥራ ላይ ኪሱ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ለጤናም ለሥራም አደገኛ ጭንቀት ነው። በተለይ የብድር ጭንቀት ያለበት ሰው ካዝና አጠገብ ሲቀመጥ ምን ዓይነት ሐሳብ ሊፈትነው እንደሚችል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህንን ለማስረዳት አባቶች የሚገባቸው ቋንቋ አለ። ቦረና መንጋውን ለሁለት ይከፍላል፤ የምትታለበው ላም ቤት አጠገብ ትቀራለች፣ ወራ ይሏታል፤ የቀረው ፎራ ተብሎ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳል። ሁሉንም ቤት አጠገብ ያቆመ ሰው ሣሩን ጨርሶ ሁሉንም ያጣል። አንድ ታካሚዬ ለአባቱ እንዲህ አለው፦ «አባ፣ ከደመወዜ ይህን ያህሉ ወራ ነው፣ በየወሩ በእጅህ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ለማን እንደሚሰጥ ትወስናለህ። ይህን ያህሉ ፎራ ነው፤ ለድርቅ ነው የማስቀምጠው።» አባትየው አንዴ ዝም ብሎ፣ «የጥጃውንስ?» አለው። የልጁን የራሱን ድርሻ ማለቱ ነው፤ ላም ስትታለብ ለጥጃው ይተዋል። ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ጠያቂ ዘመድም ከዚያ ወዲህ ወደ አባት እንጂ ወደ ልጁ አልመጣም። የልጁ ራስ ምታት በአንድ ቀን ጠፋ አልልም፣ ዳይክሎፌናኩን ግን ትቶታል። አድርጉ የምላችሁም ይኼንኑ ነው፦ መጠኑን ቁርጥ አድርጉ፣ በአንድ ሰው እጅ ስጡ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ። ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ «ተለወጠ» ነው የምትባሉት።

ሌላም ጫና አለ፤ የባንክ ምስጢር። «የእገሌ ሂሳብ ስንት አለው?» «ብድሬ ለምን ዘገየ? አንቺ ንገሪያቸው።» ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃል፣ ካልመለሳችሁም ይኮራረፋል። ለዚህ አጭር መልስ አዘጋጁና ሁልጊዜ እሱኑ ድገሙ፦ «እዚያ የማየውን ብናገር ሥራዬን አጣለሁ፤ ነገ ቅርንጫፍ ይምጡ፣ ወረፋ ይዤ አስተናግድዎታለሁ።» ቤተሰባችሁም ይህን መልስ ከእናንተ ቀድሞ ሲመልስ እናንተ ታርፋላችሁ።

ወላጆች የምታነቡ ካላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ካነበቡላችሁ፦ ልጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም አትጠይቁት። እግሩን ይታጠብ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ዝም ይበል። ዝምታው ንቀት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያነጋግር ነው የዋለው። በሳምንት አንድ ቀን ግን፣ እሑድም ይሁን ዓርብ ከሰዓት፣ አብራችሁ ብሉ፣ ያኔ ብርም ብድርም አይነሳ።

እንግዲህ ሁሉን ነገር ጭንቀት ነው ብዬ እንዳላሳስታችሁ። በእኛ አካባቢ ድካም ስል መጀመሪያ የሚታየኝ ብሩሴሎሲስ ነው። ከገጠር የተላከ ያልፈላ የግመል ወይም የላም ወተት የምትጠጡ ከሆነ፣ ማታ ማታ የሚያልብ ትኩሳት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ዝለት ከመጣ ወንበሩ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ተመርመሩ፣ ወተቱንም አፍሉ። ወባ፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳም ሁሉም «ደከመኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳል፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ የደረት ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

የአእምሮውም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ምክንያት የሚመጣውን መንገፍገፍ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው የሚለው። አቅም ማለቅ፣ ከሥራው ልብ መራቅ፣ «ምንም አልረባም» ማለት ነው ምልክቱ። ይህ በእረፍትና ሥራውን በማስተካከል ይሻላል። ግን እሑድም የማይለቅ፣ ቤትም ከጓደኛም ጋር የሚከተል ሐዘን፣ ደስ ይል የነበረው ሁሉ የማያስደስት ከሆነ፣ ሁለት ሳምንትም ካለፈው ይህ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒትም አለው። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለሚቀርባችሁ ሰው ያንኑ ማታ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ ጠዋት አብራችሁ ሆስፒታል ኑ። ቤት ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ደግሞ «እግዚአብሔርን አመስግን፣ ሥራ አለህ እኮ» አይበል። ይስማ፣ ይዞትም ይምጣ። ጸሎቱም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ ለሰኔ ተዘጋጁ። የባንኮች የዓመት ሂሳብ በሰኔ ስለሚዘጋ በዚያ ሰሞን ማምሸት አይቀርም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምራችሁ ለቤተሰብ ንገሩ፤ ለሁለት ሳምንት እንግዳ እንዳይቀበሉላችሁ፣ ምሳ ዕቃው እንዳይቀር፣ ማታ የሚሸኛችሁ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ወይም የሚጥል ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የወር ክኒናችሁን ቀድማችሁ ውሰዱ። በተለይ የሚጥል ሕመም ያለባችሁ፣ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ለአለቃችሁ ብትነግሩ ጥሩ ነው፤ ካፈራችሁ ከሐኪም የምሥክር ወረቀት እንጽፍላችኋለን። ወደ እኛ ስትመጡ የምትውጡትን ክኒን ሁሉ፣ የዳይክሎፌናኩን ባዶ ሽፋን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ።